‹አስሚላትስያ› እና ዘመዶቹ፦ ትልቁ የፖላንድኛ መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ሲፈተሽ

ፖላንድ የምትኖሩ፣ ፖላንድኛ የምትማሩ፣ ወይም እንደ እኔ በማስተርጎም የምትተዳደሩ ወገኖች፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ስሙ ‹ቭዬልኪ ስዎቭኒክ ዬንዝካ ፖልስክዬጎ› ነው። ‹ትልቁ የፖላንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት› እንደ ማለት ነው። ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ክፍያ የለውም። የሚያዘጋጀው ክራኮቭ ከተማ የሚገኘው የፖላንድ ሳይንስ አካዳሚ የፖላንድ ቋንቋ ተቋም ነው። ሥራው በ2007 ተጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዋና አዘጋጁ ፕሮፌሰር ፒዮትር ዥሚግሮትስኪ ናቸው።

እኔ ሳልከፍተው የምውልበት የሥራ ቀን የለም። ግን ‹ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት› ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። የመዝገበ ቃላት ጥሩነት የሚታወቀው ቀላል ቃል ሲጠየቅ አይደለም። ‹ዳቦ› እና ‹ወንበር› የትም አይጠፉም። አስቸጋሪ ቃል ከነዘመዶቹ ስጡትና እዩት። እኔ የሰጠሁት ‹አስሚላትስያ›ን ነው፤ ሌላውን እየመሰሉ መለወጥ እንደ ማለት ነው። ባዕድ አገር የሚኖር ሰው ይህን ቃል ከጋዜጣም፣ ከቢሮም፣ ከጎረቤት አፍም ይሰማዋል። ትርጉሙን መሳት ደግሞ ሰው ያስጨንቃል። ሲያስጨንቅ አይቻለሁ።

ፖላንድ ውስጥ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ‹የግል የኢንቴግራትስያ ፕሮግራም› (አዲስ መጪውን ከአገሩ ኑሮ ጋር የማላመድ ፕሮግራም) የሚባል ድጋፍ ያገኛል። እስከ 12 ወር ይቆያል። ገንዘብ አለው፣ የቋንቋ ትምህርት አለው፣ የሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛም አለው። አንድ ጠና ያሉ አባት ይህን ፕሮግራም ሊጀምሩ ሲሉ እንዳስተረጉምላቸው ተጠራሁ። ወረቀቱን ቀድመው በስልካቸው አስተርጉመውታል። በክፍያ የሚሠራ አፕ ነው፤ ልጃቸው የጫነላቸው። አፑ ‹ኢንቴግራትስያ›ንም ‹አስሚላትስያ›ንም በአንድ ቃል ‹ውህደት› ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለም።

አባባ ቢሮው በር ላይ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ውህደት የሚሉት ነገር ሃይማኖቴን ይነካብኛል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም አባባ! ቋንቋ ያስተምሩዎታል፣ ቤት ፍለጋ ላይ ይረዱዎታል፣ በቃ ይኸው ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ‹ውህደት› አሉት?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ‹ውህደት› ሲባል ሁለት ነገር ይሰማዋል። አንዱ ድርጅትና ድርጅት፣ ፓርቲና ፓርቲ አንድ ሲሆኑ ያለው ነው። እዚያ ውስጥ አንዱ ስሙን ያጣል። ሌላው ደግሞ ከዚያ በጣም የጠለቀ ነው፤ ‹ተዋሕዶ›። ተዋሕዶ ማለት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ አንድ መሆን ነው። እንግዲህ አስቡት። ‹አስሚላትስያ› የሚለው ቃል ደግሞ መለወጥን፣ ሌላውን መምሰልን ነው የሚናገረው። በአንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ሸክፎ ለአንድ አዛውንት መስጠት ተገቢ አይደለም። ገንዘብ ተከፍሎበት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ወደ መዝገበ ቃላታችን ልመለስ። ይህኛው ቃልን በቃል ተክቶ አይሄድም። መጀመሪያ ትርጉሞቹን ለየብቻ ይከፍላል። ቃሉ በየትኛው የሕይወት ወይም የሙያ ዘርፍ እንደሚነገር ይጠቁማል። ከዚያ የእርባታውን ሰንጠረዥ ያሳያል። ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ ምንጩን ይነግራል። ከተጻፉ ጽሑፎች ምሳሌ ይጠቅሳል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ‹ፖዎንቸኛ› የሚለው ክፍሉ ነው። ከቃሉ ጋር አብረው የሚሄዱ ቃላት ዝርዝር ነው። ቃል ብቻውን ሲቆም ባሕሪው አይታይም። ከማን ጋር እንደሚውል ሲታይ ነው የሚለየው።

‹አስሚላትስያ› በፖላንድኛ ከማን ጋር ይውላል? ‹የባህል›፣ ‹የቋንቋ›፣ ‹የአናሳዎች› ከሚሉ ቃላት ጋር። ‹ፕሽሙሶቫ› ከሚል ቅጽል ጋርም ይውላል። ትርጉሙ ‹የግዳጅ› ነው። ‹ኢንቴግራትስያ› ግን ከትምህርት ቤት፣ ከሥራ ባልደረቦች፣ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ሁሉ ይነገራል። መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ለሽርሽር ሲያወጣ እንኳ ‹የኢንቴግራትስያ ጉዞ› ይባላል። አባባ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቁ ነበር። አስሚላትስያ እንደ ጨው ወጥ ውስጥ ሟሙቶ መቅረት ነው፤ ኢንቴግራትስያ ግን አብሮ ማዕድ መቅረብ። እኔ ዛሬ የመጀመሪያውን ‹ተመሳስሎ መዋጥ›፣ ሁለተኛውን ‹አብሮ መኖርን መልመድ› ብዬ ነው የማስተረጉመው። ረዘም ይላል፤ ግን ማንም አይደነግጥም።

አሁን ደግሞ ‹ሼ› የምትባለዋን ትንሽ ቃል ልብ በሉ። ግሱ ‹አስሚሎቫች› ብቻውን ሲሆን አንዱ ሌላውን ያመሳስላል፤ አድራጊና ተደራጊ አለ። ‹አስሚሎቫች ሼ› ሲሆን ሰውየው ራሱ ይመሳሰላል። እኛ ይህን ልዩነት ቃሉ ራስጌ ላይ እንሠራዋለን፦ አመሳሰለ፣ ተመሳሰለ፤ አላመደ፣ ተላመደ። ፖላንድኛ ‹ሼ›ን ያስጠጋል። የማይረባ አፕ ‹ሼ›ን ይውጣትና ‹ተመሳሰለ›ን ‹አመሳሰለ› ያደርገዋል። ለአንድ ቤተሰብ በሚጻፍ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሪፖርት ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፖላንዶች ከላቲን የመጣው ቃል ብቻ አይደለም ያላቸው። የራሳቸው የስላቭ ቃላት አሏቸው፤ እኔን የሚያስደስቱኝም እነዚህ ናቸው። ‹ስፉይ› ማለት ‹የራስ› ማለት ነው። ከእሱ ‹ፕሽስፎይች› ይወጣል፤ የራስ ማድረግ። ዕውቀት ሲገባችሁና ውስጣችሁ ሲቀር ‹ፕሽስፎይች› ይባላል። ሰውነት ከምግብ ብረት ሲወስድም ያው ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ የማግኒዥየም ካርቶኖችን ተመልከቱ፤ ‹በቀላሉ የሚዋሃድ› የሚለውን ሐሳብ የሚገልጸው ቃል ከዚሁ ግንድ ነው። ደግሞ መጽሐፍ ወደ ፖላንድኛ ሲተረጎም ‹ለፖላንድኛ ፕሽስፎይች ተደረገ› ይላሉ። ተርጓሚው ያንን ሥራ የአገሩ ቋንቋ ንብረት አደረገው ማለት ነው። ለሙያዬ እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጥ አነጋገር ስላላቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያው ግንድ ‹ኦስፎይች› አለ። አውሬን ማላመድ ነው። ‹ኦስፎይች ሼ› ሲሆን ደግሞ ሰው ከአዲስ ነገር ጋር መላመዱ ነው። የእኛ ‹መላመድ› እና ‹ለማዳ› አንድ ሥር እንዳላቸው ሁሉ ማለት ነው። ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው።

ሌሎቹን ባጭሩ። ‹ፍቶፒች ሼ› ከአካባቢው ጋር ተመሳስሎ አለመታየት ነው፤ ቀጥተኛው ትርጉሙ መቅለጥን ይዟል። ‹ፍኽዎኖንች› መምጠጥ፣ መዋጥ ነው፤ ስፖንጅ ውኃን፣ ትልቅ ኩባንያ ትንሹን። ‹ፕሽስቶሶቫች ሼ› ራስን ከሁኔታው ጋር ማስማማት። ‹ዛዶሞቪች ሼ› ደግሞ ከሁሉም የምወደው ነው። ‹ዶም› ቤት ነው። ባዕድ ቦታን ቤት ማድረግ፣ እዚያ ቤተኛ መሆን። እኛም ‹ቤተኛ ሆነ› እንል የለ? አዲስ መጪዎች ‹እዚህ አገር ምን እንሁን?› ሲሉኝ የማስተምራቸው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

አንድ ጨለማ ቃልም አለ፦ ‹ቭናሮዶቭዬኜ›። ሕዝብን ከሕዝብነቱ ማውጣት ማለት ነው። ፖላንዶች ይህን ቃል በመጽሐፍ አይደለም የተማሩት። አገራቸው በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ከ100 ዓመት በላይ ቆይታለች። የፕሩሲያው (የጀርመኑ) ክፍል ‹ጌርማኒዛትስያ›ን፣ የሩሲያው ‹ሩስፊካትስያ›ን፣ ማለትም በግድ ጀርመን ወይም ሩሲያዊ ማድረግን አወረሳቸው። በ1901 ቭዤሽኛ በምትባል ከተማ የፖላንድ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ አንማርም አሉ። ተገረፉ። ወላጆች ተቃወሙ፤ ተከሰሱም። ዛሬ አንድ ፖላንዳዊ ‹አስሚላትስያ› ሲል ይህ ሁሉ ከጀርባው አለ።

ደግሞ ፖላንዶች ራሳቸው በሌላው ላይ ያደረጉት አለ። በ1947 ‹አክትስያ ቪስዋ› በተባለው ዘመቻ ወደ 140,000 የሚጠጉ ዩክሬናውያንና ሌምኮዎች (በካርፓቲያን ተራሮች የሚኖሩ አናሳ ሕዝብ) ከደቡብ ምሥራቅ ቀያቸው ተነሥተው በሰሜንና በምዕራብ ተበትነው ሰፈሩ። ተሰባስበው እንዳይኖሩ፣ ቶሎ ተመሳስለው እንዲጠፉ ተብሎ ነው። ለዚህ ነው ጃንዋሪ 6 ቀን 2005 የወጣው የብሔራዊና የጎሣ አናሳዎች ሕግ 5ኛ አንቀጽ ክብደት ያለው። የአናሳ ሕዝቦችን አባላት ያለ ፈቃዳቸው ለማመሳሰል የሚደረግ እርምጃን ይከለክላል። ‹አስሚላትስያ› የሚለው ቃል ራሱ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ለአባባ ይህንን ነገርኳቸው። በጣም ነው የተረጋጉት።

ስለ ታታሮችም ነገርኳቸው። በፖድላሴ ግዛት ክሩሽኛን እና ቦሆኒኪ የሚባሉ መንደሮች አሉ። ንጉሥ ያን ሦስተኛ ሶብዬስኪ በ1679 ለታታር ወታደሮቻቸው መሬት የሰጡት እዚያ ነው። ዘሮቻቸው ዛሬም ሙስሊም ናቸው፤ ከእንጨት የተሠሩ መስጊዶቻቸውም ቆመዋል። ቋንቋቸው ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ ፖላንድኛ ነው የሚናገሩት። በቋንቋ ተመሳስለዋል፣ በሃይማኖት አልተመሳሰሉም። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከመዋል? ‹የቋንቋ› እና ‹የሃይማኖት› የሚሉት አጃቢዎች የግድ ያስፈልጋሉ። ‹ፖዎንቸኛ› የሚለውን ክፍል ለምን እንደምወድ አሁን ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

የቋንቋ ሰዎች ደግሞ ‹አስሚላትስያ› ሲሉ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት። አንድ ድምፅ ጎረቤቱን ሲመስል ነው። ፖላንድኛው ‹ኡፖዶብኜኜ› ነው፤ ‹ፖዶብን› ማለት ‹ተመሳሳይ› ስለሆነ። ይህን ትርጉም ‹ለእኛ ምን ያደርግልናል› ብላችሁ አትዝለሉት። አነጋገራችሁን የሚያስተካክለው ይህ ነው።

‹ልመና፣ ጥያቄ› የሚለው ቃል ‹ፕሮሽባ› ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነገር ግን ‹ፕሮዥባ› ነው። ‹ሽ› ከኋላው ያለውን ‹ባ› መስላ ‹ዥ› ሆነች። ቁጥር ‹ሊችባ› ተብሎ ተጽፎ ‹ሊጅባ› ይባላል። በተቃራኒው ‹ቩድካ› ተብሎ የተጻፈው ‹ቩትካ› ነው። ‹ውስጥ› የምትለዋ ‹ቭ›ም እንዲሁ ነች፤ ‹ቭ ቫርሻቭዬ› (ዋርሶ ውስጥ) ትላለች፣ ክራኮቭ ላይ ስትደርስ ግን ‹ፍ ክራኮቭዬ›። ከላይ ‹ስፉይ› ብዬ የጻፍኩትም ፖላንዶች ሲጽፉት በ‹ቭ› ነው። ‹ስ› ጎትታ ‹ፍ› አደረገቻት።

ክራኮቭና ዋርሶ ደግሞ በዚህ ይለያያሉ። ‹የአባት ወንድም› ለማለት ዋርሶ ‹ብራት ኦይትሳ› ሲል፣ ክራኮቭና ፖዝናን በኩል ባህላዊው አነጋገር ‹ብራድ ኦይትሳ› ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አስተማሪ ‹ተሳሳትክ› ካላችሁ አትሸማቀቁ፤ ከየት እንደሆነ ጠይቁት።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ‹ጅቡ በጉን ይበላል› እና ‹በጉ ይበላል› ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ላይ ‹በ› ትጠብቃለች። ለምን? ‹ተበላ› ላይ የነበረችው ‹ተ› አልጠፋችም፤ ‹በ›ን መስላ ከእሷ ጋር ተዋሐደች። ይህ ነው እንግዲህ ‹ኡፖዶብኜኜ›። ‹ይሰበራል›፣ ‹ይከፈታል› ሲጠብቁም ያው ነው። ስንናገር ሳናውቀው የምንሠራውን ነገር በፖላንድኛ ስም ሲሰጡት አዲስ መስሎን እንፈራለን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። የእኛ ፊደል ለፖላንድኛ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሌሎች ተማሪዎች የሚቸገሩበት አናባቢ፣ በላቲን ‹ዋይ› የሚጻፈው፣ ከእኛ ሳድስ ጋር በጣም ይቀራረባል። ‹ኘ›፣ ‹ዠ›፣ ‹ቸ›፣ ‹ጀ› ሁሉም አሉን። የሚጎድለን ሁለቱን የ‹ሽ› እና ሁለቱን የ‹ች› ዓይነቶች መለየት ነው። እሱን በጆሮ መማር ያስፈልጋል።

ወደ ግምገማዬ። ይህ መዝገበ ቃላት ለሁሉም ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ከፖላንድኛ ወደ ፖላንድኛ ነው። ገና ሰላምታ ለሚማር ሰው ይከብዳል። ትርጓሜዎቹ የምሁር አጻጻፍ አላቸው፤ ገጹም በመረጃ የተሞላ ነው። የሚያተኩረው ከ1945 ወዲህ ባለው ቋንቋ ላይ ስለሆነ የድሮ መጽሐፍ ለምታነቡ ብቻውን አይበቃም። ለዚያ በቪቶልድ ዶሮሼቭስኪ አዘጋጅነት ከ1958 እስከ 1969 የታተመው በ11 ቅጽ አለ፤ እሱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አጭርና ፈጣን ትርጉም ሲያስፈልገኝ ደግሞ የፔ ቩ ኤን ማተሚያ ቤት መዝገበ ቃላትን እከፍታለሁ። ሁለት መስመር ሰጥቶ ያሰናብታል፤ ቢሮ ወረፋ ላይ ቆሞ ለማየት ይመቻል። እንግሊዝኛ የምታውቁ ‹ዲኪ›ን ጨምሩ፤ የእንግሊዝኛና የፖላንድኛ መዝገበ ቃላት ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ትልቁ ነው። ምክንያቴ አንድ ነው። ስደተኛ ላይ የሚወሰን ውሳኔ በቃል ነው የሚጻፈው። ‹ተመሳሰለ› ነው ወይስ ‹እንዲመሳሰል ተደረገ›? ‹ለመደ› ነው ወይስ ‹ተዋጠ›? ይህንን ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ በነጻ ተቀምጦልን፣ በወር እየከፈልን አንድ ቃል በሚደጋግም አፕ መመራት የለብንም። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች ለአገራቸው ሰው ብለው የሠሩት ቢሆንም፣ ለእኛም ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልን።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፦ መካከለኛ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ጀምሩ፤ ለዜግነት የሚጠየቀው ‹ቤ አንድ› ፈተና አካባቢ ማለት ነው። ትርጓሜውን መጀመሪያ አታንብቡ። ‹ፖዎንቸኛ›ን ክፈቱ፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ እዩ፤ ከዚያ ጥቅሶቹን አንብቡ፤ ትርጓሜውን መጨረሻ ላይ። ግስ ከሆነ ‹ሼ› ያለውንም የሌለውንም ፈልጉ። ለመጀመሪያ ቀን ‹ፕሽስፎይች›ን፣ ‹ኦስፎይች›ን እና ‹ዛዶሞቪች ሼ›ን እዩልኝ። ሦስቱ ለአንድ ምሽት ይበቃሉ።